የአክሲዮን ስጋት፦ የሚቀነሰው፣ የማይቀነሰውና ቦታ የሚቀያይረው

ኤፕሪል 2 ቀን 2025 የአሜሪካ መንግሥት በአብዛኞቹ የዓለም አገሮች ላይ አዲስ የገቢ ዕቃ ታሪፍ መጣሉን አስታወቀ። በቀጣዮቹ ሁለት የግብይት ቀናት፣ የ500 ገደማ ግዙፍ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያሳየው ኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ከ10 በመቶ በላይ ወረደ። ኤፕሪል 9 ቀን የታሪፉ አብዛኛው ክፍል ለ90 ቀናት እንዲዘገይ ሲወሰን ደግሞ ይኸው ኢንዴክስ በአንድ ቀን 9.5 በመቶ ገደማ ተመልሶ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ባለ ሳምንት የሚሰማው ምክር እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ «ሳይብስ ሽጡ» ይላል፤ ሌላው «አትንኩት፣ ይመለሳል»፤ ሦስተኛው «በብዙ ኩባንያ ቢሰባጠር ኖሮ ይህ አይደርስም ነበር» ብሎ ይፈርዳል። የመጨረሻው በተለይ አሳሳች ነው፤ በእነዚያ ሁለት ቀናት የወረደው ራሱ 500 ኩባንያዎችን የያዘ ስብስብ ነበርና። ግራ መጋባቱ የሚመነጨው «ስጋት መቀነስ» የሚለው ሐረግ የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ስለሚጠቀልል ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ አንዱን ስጋት ይቀንሳል፣ ሌላውን አይነካም፣ አንዳንዴም አዲስ ይወልዳል።

ሦስት ዓይነት ኪሳራ

የመጀመሪያው መዋዠቅ ነው። ዋጋ ከቀን ቀን፣ ከዓመት ዓመት ከፍ ዝቅ ይላል፤ ባለአክሲዮኑ እስካልሸጠ ድረስ ኪሳራው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሁለተኛው ቋሚ ኪሳራ ነው። ኩባንያው ይከስራል፣ ወይም አክሲዮኑ የተገዛበት ዋጋ ከኩባንያው ገቢ እጅግ የራቀ ስለነበር ወደዚያ ሳይመለስ ይቀራል። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ የኢነርጂ ኩባንያ አክሲዮን በ2000 አጋማሽ 90 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር፤ ኩባንያው በዲሴምበር 2001 መክሰሩን ለፍርድ ቤት ሲያመለክት ከ1 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። የብዙ ሠራተኞቹ የጡረታ ቁጠባ የተቀመጠው በዚያው ኩባንያ አክሲዮን ስለነበር ሥራቸውንና ጥሪታቸውን በአንድ ጊዜ አጥተዋል። የሚሠሩበትን ድርጅት አክሲዮን በብዛት መያዝ «የማውቀውን ገዛሁ» የሚያሰኝ ቢመስልም፣ ደመወዝንና ቁጠባን በአንድ ዕጣ ላይ ያስራል።

ሦስተኛው በግድ የሚመጣ ሽያጭ ነው። አክሲዮኑ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ባለቤቱ ለሕክምና፣ ለትምህርት ክፍያ ወይም ለዕዳ ገንዘብ የሚያስፈልገው ዋጋው በወደቀበት ወር ሊሆን ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ የቆየ ክርክር አለ። ሃሪ ማርኮዊትዝ በ1952 ካሳተመው ጥናት ወዲህ (በዚህም ሥራ በ1990 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማት ተጋርቷል) የፋይናንስ ምሁራን ስጋትን የሚለኩት በመዋዠቅ መጠን ነው። ዋረን ባፌትን የመሰሉ ባለሀብቶች ግን መዋዠቅ የምቾት ጉዳይ እንጂ ስጋት አይደለም፣ ስጋት ማለት ገንዘቡ ሳይመለስ መቅረቱ ነው ባዮች ናቸው። ሁለቱም አቋሞች የየራሳቸው እውነት አላቸው። በክርክሩ መሀል የሚረሳው ሦስተኛው ኪሳራ ነው፤ መዋዠቅን ወደ ቋሚ ኪሳራ የሚለውጠው ግን እሱ ነው። ባፌትም ቢሆን ይህን መናገር የሚችለው በችግር ወቅት ለመሸጥ የሚገደድ ሰው ስላልሆነ ነው። ተራው ባለአክሲዮን ገበያውን መቆጣጠር አይችልም፤ መቼ ለመሸጥ እንደሚገደድ ግን በአብዛኛው የሚወስነው ራሱ አስቀድሞ በሚያደርጋቸው ምርጫዎች ነው።

የኪሳራ ስሌት ለምን እንደሚጨክን እዚህ ላይ ማየት ይጠቅማል። 10 በመቶ ያጣ ሰው ወደ መነሻው ለመመለስ 11 በመቶ ገደማ ማትረፍ ይበቃዋል። 20 በመቶ ላጣ 25 በመቶ ያስፈልጋል፤ ግማሹን ላጣ 100 በመቶ፤ 80 በመቶውን ላጣ 400 በመቶ። ትናንሽ ኪሳራዎች የንግዱ ወጪ ናቸው ሊባል ይችላል፤ ከግማሽ በላይ የሆነ ኪሳራ ግን የዓመታት ሥራ ይወስዳል።

ማሰባጠር የሚያደርገውና የማያደርገው

ማሰባጠር ወይም ዳይቨርሲፊኬሽን ማለት ገንዘብን እንቅስቃሴያቸው በማይመሳሰል ንብረቶች ላይ ማከፋፈል ነው። «በማይመሳሰል» የሚለው ዋናው ነገር ነው። አሥር ባንኮችን የገዛ ሰው አሥር ኩባንያ ይያዝ እንጂ የገዛው አንድ ዘርፍ ነው፤ የወለድ ምጣኔ ሲናጋ ወይም ተበዳሪዎች መክፈል ሲያቅታቸው አሥሩም አብረው ይወርዳሉ።

የሁለት አክሲዮኖች እንቅስቃሴ ምን ያህል አብሮ እንደሚሄድ የሚለካው ተዛምዶ በሚባል ቁጥር ነው። 1 ከሆነ ፍጹም አብረው ይሄዳሉ፤ 0 ከሆነ አይገናኙም። ለምሳሌ እያንዳንዱ አክሲዮን በዓመት 40 በመቶ የሚዋዥቅ፣ በማናቸውም ሁለት አክሲዮኖች መካከል ያለው ተዛምዶም 0.3 ነው እንበል። ገንዘቡ እኩል ሲከፋፈል ስሌቱ የሚሰጠው ውጤት ይህ ነው፦ በ1 አክሲዮን 40 በመቶ መዋዠቅ፣ በ2 አክሲዮን 32፣ በ5 አክሲዮን 26.5፣ በ10 አክሲዮን 24፣ በ20 አክሲዮን 23 በመቶ ገደማ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ 30፣ 300 ወይም 3,000 ቢደርስም መዋዠቁ ከ21.9 በመቶ በታች አይወርድም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይነበባል። ከአንድ ወደ አምስት መሄድ ከሃያ ወደ ሁለት መቶ ከመሄድ እጅግ የበለጠ ጥቅም አለው። ወለሉ ደግሞ የገበያው የራሱ ስጋት ነው፤ ጦርነት፣ የወለድ ጭማሪ፣ የኢኮኖሚ መቀዛቀዝ ሁሉንም ኩባንያ ይነካል፤ ይህን በኩባንያ ብዛት ማስወገድ አይቻልም። ይባስ ብሎ ተዛምዶ ቋሚ ቁጥር አይደለም። በድንጋጤ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚሸጠውን ስለሚሸጥ ወደ 1 ይጠጋል፤ ማሰባጠር በጣም በሚፈለግበት ሰዓት የሚዳከመው በዚህ ምክንያት ነው። ማሰባጠር የአንድ ኤንሮንን ጉዳት ይችላል፤ የኤፕሪል 2025ን ሳምንት ግን አያስቀርም።

ኢንዴክስ ፈንድ፣ ማለትም የብዙ ሰዎችን ገንዘብ አሰባስቦ የአንድን ኢንዴክስ አክሲዮኖች በሙሉ በየክብደታቸው የሚይዝ የጋራ ፈንድ፣ ለአነስተኛ ገንዘብ ርካሹ የማሰባጠሪያ መንገድ ነው። ሆኖም ብዙዎቹ ኢንዴክሶች የሚመዝኑት በኩባንያዎቹ የገበያ ዋጋ ነው። በኤስ ኤንድ ፒ 500 ውስጥ በቅርብ ዓመታት አሥሩ ግዙፍ ኩባንያዎች ብቻ ከጠቅላላው ክብደት ከሲሶ በላይ ይዘዋል፤ አብዛኞቹም ከቴክኖሎጂ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሁለት ወይም ሦስት የተለያየ ስም ያላቸው ፈንዶችን የገዛ ሰው የእያንዳንዱን ፈንድ አሥር ትላልቅ ይዞታዎች ጎን ለጎን ቢያስቀምጥ፣ ብዙ ጊዜ ያንኑ ኩባንያ ሦስት ጊዜ ገዝቶ ያገኘዋል።

ክፍያም መታየት አለበት። 100,000 ዶላር በዓመት 7 በመቶ ቢያድግ በ30 ዓመት 761,000 ገደማ ይሆናል። ፈንዱ በየዓመቱ 1 በመቶ ቢያስከፍልና ዕድገቱ ወደ 6 ቢወርድ 574,000 ገደማ ላይ ይቆማል። በገበያው ከሚደርሱ ጉዳቶች ሁሉ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚታወቀው ይህ ነው።

ከአክሲዮን ውጭ የሚቀመጠው ገንዘብ

የጠቅላላውን ኪሳራ መጠን ከሁሉ በላይ የሚወስነው የትኛው አክሲዮን ተመረጠ የሚለው ሳይሆን፣ ከጠቅላላው ሀብት ምን ያህሉ በአክሲዮን ላይ ዋለ የሚለው ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከኦክቶበር 2007 እስከ ማርች 2009 ድረስ 57 በመቶ ገደማ ስለወረደ፣ አክሲዮን ግማሽ ዋጋውን ሊያጣ ይችላል ብሎ ማሰብ ማጋነን አይደለም። ከጠቅላላ ሀብቱ ከ20 በመቶ በላይ ማጣትን የማይችል ሰው፣ በዚህ ግምት በአክሲዮን ላይ ሊያውል የሚችለው 40 በመቶውን ነው። 30 በመቶ የሚችል 60 በመቶውን ሊያውል ይችላል። ሰዎች ይህን ቁጥር የሚወስኑት ብዙ ጊዜ ገበያው ሲያድግ ነው፤ ያኔ ሁሉም ደፋር ነው።

ቀሪው የት ይቀመጥ? የተለመደው መልስ ቦንድ ነው፤ ቦንድ መንግሥት ወይም ድርጅት ወለድ እየከፈለ በቀነ ገደብ የሚመልሰው የብድር ሰነድ ነው። አክሲዮን ሲወርድ ቦንድ ይወጣል የሚለው እምነት ግን በ2022 ተፈትኗል። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመቆጣጠር ወለድን ከዜሮ አጠገብ ተነስቶ በዓመቱ መጨረሻ ከ4 በመቶ በላይ አደረሰው። በዚያ ዓመት ኤስ ኤንድ ፒ 500 የትርፍ ድርሻው (ኩባንያዎቹ ለባለአክሲዮኖቻቸው የሚከፍሉት) ተጨምሮበት 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ፣ ሰፊው የአሜሪካ ቦንድ ኢንዴክስ ደግሞ 13 በመቶ ገደማ ወረደ። ምክንያቱ የቦንድ አሠራር ውስጥ ነው፦ አዲስ ቦንድ በተሻለ ወለድ ሲወጣ ዝቅተኛ ወለድ ያለውን አሮጌ ቦንድ የሚገዛ ዋጋው እንዲቀነስለት ይጠይቃል። ዱሬሽን የሚባለው መለኪያ ይህን በቁጥር ይናገራል፤ ዱሬሽኑ 7 የሆነ ቦንድ ወለድ በ1 መቶኛ ነጥብ ሲጨምር ዋጋው 7 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በጥቂት ወራት የሚከፈል የግምጃ ቤት ሰነድ ግን ብዙም አይነካም። ስለዚህ በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ የሚፈለግ ገንዘብ ቦታው የረጅም ጊዜ ቦንድ ሳይሆን የአጭር ጊዜ ሰነድ ወይም የባንክ ተቀማጭ ነው። እዚያም ቢሆን የዋጋ ንረት የመግዛት አቅሙን ይሸረሽራል፤ ከመዋዠቅ የራቀ ሰው ወደ ንረት ይጠጋል።

የተወሰነው ድርሻ በራሱ አይጸናም። 60,000 በአክሲዮን፣ 40,000 በቦንድ ያለው ሰው አክሲዮኑ 50 በመቶ ቢያድግና ቦንዱ ባለበት ቢቆም 90,000 እና 40,000 ይኖረዋል፤ የአክሲዮን ድርሻው ሳያውቀው 69 በመቶ ደርሷል። ወደ 60 በመቶ ለመመለስ 12,000 ዶላር የሚያወጣ አክሲዮን ሸጦ ቦንድ መግዛት አለበት። መልሶ ማመጣጠን የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ አክሲዮን በግማሽ ቢወድቅ ያመጣጠነው 91,000 ሲቀረው ያላመጣጠነው 85,000 ይቀረዋል። በሌላ በኩል ገበያው ለዓመታት ያለማቋረጥ ቢያድግ ያመጣጠነው ያነሰ ያገኛል፤ ሽያጩም ግብርና ኮሚሽን ሊያስከፍል ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙዎች በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ድርሻው ከታቀደው 5 መቶኛ ነጥብ ሲርቅ ብቻ ያመጣጥናሉ፤ አዲስ የሚቆጠብ ገንዘብ ያለው ደግሞ ምንም ሳይሸጥ ወደ ጎደለው ወገን መጨመር ይችላል።

ብድር፦ ጊዜን የሚነጥቅ

በማርጂን መግዛት ማለት አክሲዮኑን ራሱን መያዣ አድርጎ ከብሮከሩ (ከአገናኙ ድርጅት) ተበድሮ መግዛት ነው። በአሜሪካ ደንብ መነሻው ላይ እስከ ግማሽ ድረስ መበደር ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የባለቤቱ የራሱ ድርሻ ከይዞታው ዋጋ 25 በመቶ በታች መውረድ የለበትም። ብሮከሮች ብዙ ጊዜ ከዚህ ከፍ ያለ ይጠይቃሉ።

የራሱን 100,000 እና የተበደረውን 100,000 ዶላር አድርጎ 200,000 የሚያወጣ አክሲዮን የገዛ ሰው እንውሰድ። ዋጋው አንድ ሦስተኛ ወርዶ 133,333 ሲደርስ ዕዳው አሁንም 100,000 ነው፤ የራሱ የቀረው 33,333፣ ማለትም ልክ 25 በመቶ ነው። ከዚህ በታች ብሮከሩ ተጨማሪ ገንዘብ እንዲያስገባ ይጠይቀዋል። ካላስገባ አክሲዮኑን ይሸጥበታል፤ በብዙ ውሎች ደግሞ ሳያሳውቅም መሸጥ ይችላል። ገበያው 33 በመቶ ሲወርድ ተበዳሪው ከራሱ ገንዘብ ሁለት ሦስተኛውን አጥቷል፣ ወለዱ ሳይቆጠር። የብሮከሩ ወሰን 30 በመቶ ቢሆን ጥሪው የሚመጣው ዋጋው 28.6 በመቶ ሲወርድ ነው።

በ2020 ይህ በተግባር ታይቷል። ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከፌብሩዋሪ 19 እስከ ማርች 23 ድረስ 34 በመቶ ገደማ ወርዶ በኦገስት ወደ ቀድሞ ከፍታው ተመለሰ። ያለ ብድር የያዘ ሰው ዝም ብሎ በመቀመጡ ብቻ በስድስት ወር ሙሉ ሆነ። ከላይ እንደተጠቀሰው ግማሹን ተበድሮ የያዘ፣ ተጨማሪ ገንዘብም ያልነበረው፣ በታችኛው ዋጋ ተሸጦበት ከራሱ ገንዘብ ሲሶውን ይዞ ወጣ። ሁለቱ የያዙት ያንኑ አክሲዮን ነው። ከባንክ ወይም ከዘመድ ተበድሮ አክሲዮን መግዛትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የመክፈያ ቀን ያለው ገንዘብ ገበያው እስኪያገግም አይጠብቅም።

ስቶፕ ሎስ ዋስትና አይደለም

ስቶፕ ሎስ ዋጋ ከተወሰነ ደረጃ ሲወርድ እንዲሸጥ አስቀድሞ የሚሰጥ ትዕዛዝ ነው። ብዙዎች «ከ45 በታች አልከስርም» ብለው ይረዱታል። ትዕዛዙ የሚለው ግን «45 ሲደርስ በተገኘው ዋጋ ሽጥ» ነው። አክሲዮኑ ማታ በ50 ዘግቶ ሌሊት መጥፎ ዜና ቢወጣና ጠዋት በ38 ቢከፍት ሽያጩ የሚፈጸመው በ38 አካባቢ ነው። ስቶፕ ሊሚት የሚባለው ዓይነት «ከ44 በታች አትሽጥ» የሚል ገደብ ይጨምራል፤ በዚህ ምሳሌ ግን ጨርሶ አይሸጥም፣ ባለቤቱም ወደ ታች አብሮ ይጓዛል።

ሜይ 6 ቀን 2010 ሌላው የአሜሪካ ገበያ ኢንዴክስ ዳው ጆንስ በደቂቃዎች ውስጥ 1,000 ነጥብ ገደማ ወርዶ አብዛኛውን ወዲያው ሲያስመልስ፣ አክሴንቸርን የመሰሉ ትላልቅ ኩባንያዎች አክሲዮን ለቅጽበት በ1 ሳንቲም ተሽጧል። ከትክክለኛው ዋጋ 60 በመቶና ከዚያ በላይ የራቁት ግብይቶች በኋላ ተሰረዙ፤ ከዚያ ያነሰ ልዩነት የነበራቸው ግን ጸኑ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ስቶፕ ሎሱ በ40 በመቶ ቅናሽ የሸጠበት ሰው የሚጠይቀው አካል አልነበረውም።

መሣሪያው ዋጋ ቢስ ነው ማለት አይደለም። ትዕዛዙ የሚጠቅመው ከግዢ መጠን ጋር ሲያያዝ ነው። 100,000 ያለው ሰው በአንድ ግዢ ከጠቅላላው 1 በመቶ፣ ማለትም 1,000 ዶላር ብቻ ለማጣት ቢወስን፣ በ50 የሚገዛውን በ45 ለመሸጥ ካሰበ በአንድ አክሲዮን 5 ዶላር ያጣል። 1,000 ለ5 ሲካፈል 200 አክሲዮን፤ የግዢው መጠን 10,000 ዶላር። ዋጋው በ38 ቢከፍትበትም የሚያጣው 2,400 ነው፤ ያማል፣ አይሰብርም።

ጊዜና ቀስ በቀስ መግዛት

ገንዘብን በአንዴ ከማስገባት በየወሩ እኩል እየከፋፈሉ መግዛት ስጋት ይቀንሳል ይባላል። ቫንጋርድ የተባለው የፈንድ ኩባንያ በ2012 የአሜሪካን፣ የእንግሊዝንና የአውስትራሊያን ገበያ አይቶ ባወጣው ጥናት ከሦስቱ ጊዜ በሁለቱ ገደማ የበለጠ ያስገኘው በአንዴ ማስገባቱ ነበር፤ ገበያ ከሚወርድባቸው ጊዜያት የሚወጣባቸው ይበዛሉና። ከፋፍሎ መግዛት የሚሰጠው ጥቅም ሌላ ነው፦ በገዙ ማግስት ገበያው ቢወድቅ ጸጸቱን ያቀላል፣ ደንግጦ የመሸጥን ፈተናም ያሳንሳል። ከደመወዙ በየወሩ የሚቆጥብ ሰው ግን ሌላ ምርጫም የለውም፤ ገንዘቡ የሚመጣው እየተከፋፈለ ነው።

«ረጅም ጊዜ ከያዙት ስጋት የለውም» የሚለውም በልኩ መያዝ አለበት። በዓመት 20 በመቶ የሚዋዥቅ ገበያ፣ የ25 ዓመት አማካይ ውጤቱ የሚዋዥቀው በ4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ የረጅም ጊዜ ደጋፊዎች መከራከሪያ ነው። ፖል ሳሙኤልሰንን የመሰሉ ኢኮኖሚስቶች ደግሞ ሰው የሚበላው አማካይን ሳይሆን የመጨረሻውን ገንዘብ ነው ብለው ይመልሳሉ፦ በዓመት 7 በመቶ ያገኘ 100,000 ዶላር በ25 ዓመት 543,000 ገደማ ሲሆን፣ በ3 በመቶ 209,000 ገደማ ላይ ይቆማል። የአማካዩ ልዩነት አራት ነጥብ፣ የገንዘቡ ልዩነት ከእጥፍ በላይ። ታሪክም ይህን ይደግፋል። የአሜሪካው ናስዳክ ኢንዴክስ በማርች 2000 የነበረውን ከፍታ እንደገና ያለፈው በ2015 ነው፤ የጃፓኑ ኒኬይ 225 ደግሞ የ1989 መጨረሻውን ለማለፍ እስከ ፌብሩዋሪ 2024 ጠብቋል። የትርፍ ድርሻ ሲደመር ጊዜው ያጥራል፤ በየዓመቱ እየገዛ የቀጠለ ሰውም ቀድሞ ያገግማል። በ1989 ጡረታ ወጥቶ ሙሉ ገንዘቡ በዚያ ገበያ የነበረ፣ በየወሩም እየሸጠ የሚኖር ሰው ግን ማገገሚያውን የሚጠብቅበት አክሲዮን እየቀነሰበት ሄዷል። ገንዘቡ የሚፈለግበት ቀን ሲቃረብ የአክሲዮን ድርሻን ደረጃ በደረጃ መቀነስ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቅነሳው የሚጀመረውም ከቀኑ ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው።

ገበያው ሳይወድቅ የሚጠፋ ገንዘብ

እስካሁን የተነገረው ሁሉ አክሲዮኑ በእርግጥ መገዛቱን የሚገምት ነው። ብሮከሩ ቢከስርስ? በሥርዓት በሚመራ ገበያ የደንበኞች አክሲዮን ከብሮከሩ ከራሱ ሀብት ተለይቶ ይቀመጣል፤ ብሮከሩ ሲዘጋ ወደ ሌላ ይዛወራል። ጉድለት ከተገኘ የማካካሻ ፈንድ ይገባል፤ የአሜሪካው ሲፒክ ለአንድ ደንበኛ እስከ 500,000 ዶላር ይሸፍናል፣ ከዚህ ውስጥ ለጥሬ ገንዘብ ቢበዛ 250,000። የአክሲዮን ዋጋ በመውረዱ የመጣን ኪሳራ አይሸፍንም፤ «ሙሉ ዋስትና አለው» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሻጭ ይህን ሳይናገር የሚያልፈው ሆን ብሎ ሊሆን ይችላል።

የብሮከሩን ፈቃድ ማጣራት የሚገባው በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ፣ ድረ ገጹን በራስ ፈልጎ በመክፈት ነው፤ አጭበርባሪዎች የእውነተኛ ድርጅትን ስምና የፈቃድ ቁጥር ገልብጠው ወደ ሐሰተኛ መዝገብ የሚወስድ ሊንክ መላክን ለምደውታል። መዝገቡ ላይ ያለው ስልክና አድራሻ ከተሰጠው ጋር መመሳሰሉ ይታያል። ገንዘቡ የሚገባበት ሒሳብ በድርጅቱ ስም መሆን አለበት፤ የግለሰብ ሒሳብ ከተሰጠ እዚያው ላይ ማቆም ነው። መጀመሪያ ትንሽ ገንዘብ አስገብቶ፣ ጥቂት አክሲዮን ገዝቶ፣ ሸጦ፣ ወደ ባንክ መልሶ ማውጣትም ጥሩ ፈተና ነው፤ ምንም እንኳ የተራቀቁት አጭበርባሪዎች የመጀመሪያዋን ትንሽ ገንዘብ ያለ ችግር ቢከፍሉም። ትልቁን ለማውጣት ሲጠየቁ ግን «መጀመሪያ ግብሩን አስገባ» ይላሉ። በሕጋዊ ብሮከር ዘንድ ግብር ከትርፉ ላይ ይቀነሳል ወይም ባለሀብቱ ራሱ ለግብር ሰብሳቢው ይከፍላል፤ የራስን ገንዘብ ለማውጣት ተጨማሪ ገንዘብ አስገቡ የሚባልበት አሠራር የለም።